የዲስኮቹ ዕርቅ

በኮሌጃችን ኮምፒውተር ክፍል ሁለት ዲስክ ያለው ትልቅ ሰርቨር ነበር። የሚሠራው ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ እኔ የአፋን ኦሮሞ መምህር ነኝና ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። የማውቀው አንዱ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ሌላውም ላይ እንደሚጻፍ ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። ሥርዓቱ ሲታደስ ግን ሁለቱን ይለያዩአቸዋል፤ አንደኛው እንዳለ ይቀመጣል፣ ሥራው በሌላው ይቀጥላል። እድሳቱ ቢበላሽ ወደተቀመጠው ለመመለስ ነው።

ሰርቨሩን የምታስተዳድረው ማኅሌት መለያየቱን «ማፋታት»፣ መልሶ ማገናኘቱን «ማስታረቅ» ትለው ነበር። ቢሮው ሁሉ ቃሉን ወሰደና «ዛሬም አልታረቁም?» እየተባለ ይሳቃል። እኔን አላሳቀኝም። ሽማግሌዎች ስለ ዕርቅ ሲናገሩ ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህኛው ዕርቅ ከሁለቱ አንዱ ዲስክ ተለያይተው በቆዩበት ጊዜ የያዘውን በሙሉ ይረሳል፣ የሌላው ግልባጭ ይሆናል። ይህ ደግሞ ዕርቅ ተብሎ!

ዲስኮቹ እንደተፋቱ ሸነን ሄጄ ኦቦ ጃርሶን ቀዳሁ። የአገሩን ሕግ በቃላቸው የሚያወርዱ፣ ጠበኛ ሁሉ ደጃፋቸው የሚሰለፍ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ሥራ ላይ ባለው በሁለተኛው ዲስክ አስቀመጥነው። መቅጃችን አንድ ብቻ ስለሆነ ውስጡ ለሚቀጥለው ሽማግሌ ተጠረገ። ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ጃርሶ ታመው አረፉ።

ልጃቸው ለንሳ ጌዶ ከተማ የምትሠራ ነርስ ናት። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦባት ለቀብሩ እንኳ አልደረሰችም። ደወለችልኝ።

«ኦቦ ጉደታ፣ የአባቴ ድምፅ እርስዎ ጋ አለ አሉኝ። ፎቶውስ አለኝ፤ ድምፁ ግን የትም የለኝም። ቅዳሜ ልምጣ?»

«ነዪ» አልኳት።

ማኅሌት ያን ሰሞን ለሥልጠና አዲስ አበባ ነበረች። በስልክ ይህን ስነግራት ደነገጠች። «በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው እኮ ያለው! መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ቢቃጠልስ? ዛሬውኑ ላስታርቃቸው» አለች። ድምፁን ለማትረፍ ብላ ነው፤ ይህን ማንም እንዳይረሳብኝ።

ኢንተርኔት ስላልነበረ ቴክኒሻናችን ሮቤራ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጦ በስልክ የምትለውን ፊደል በፊደል ይጽፍላት ጀመር። ከሁለቱ ሥራ ላይ የቆየው የትኛው እንደሆነ ማኅሌት እርግጠኛ አልነበረችም። የኦቦ ጃርሶ ድምፅ ያለበት እሱ ነውና ሮቤራን ጠየቀችው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ አፋን ኦሮሞ ከመጽሐፍ እየተማረች ስለነበር ባገኘችው አጋጣሚ ሁሉ ትሞክረዋለች፤ እኛም ደስ ይለናል። «ሁለተኛው ላይ ጂራ?» አለችው፤ አለ ወይ ማለቷ ነው።

ሮቤራ ከፍቶ አየ። ድምፁ አለ። «ሂን ጂራ» ሲል መለሰላት።

የማኅሌት መጽሐፍ «ሂን» ሲመጣ ነገሩ አሉታ ነው ይላል። አልሄደም፣ አልበላም፣ የለም፤ ሁሉም በ«ሂን» ይጀምራል። ልክ ነው። በእኛ አገር አነጋገር ግን «አለ እንጂ!» ለማለትም «ሂን ጂራ» እንላለን። የለም ለማለት «ሂን ጂሩ» ነው። ልዩነቱ ያለው መጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው፤ ያችን ደግሞ ስልኩ በላት።

ማኅሌት «የለም» እንዳላት አድርጋ ሰማች። እንግዲያው ያለው አንደኛው ላይ ነው አለችና፣ አንደኛው ወደ ሁለተኛው እንዲገለበጥ የሚያዘውን ትእዛዝ አስጻፈችው። ሮቤራም ሳያጓድል ጻፈ። ታዛዥነት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያናድደኛል።

ለለንሳ በሲዲ ልገለብጥላት ብዬ ስገባ «ዕርቁ ከግማሽ አልፏል» አለኝ ሮቤራ በደስታ።

«ኦቦ ጃርሶ የትኛው ላይ ናቸው?»

«ሁለተኛው ላይ።»

«አሁን የሚጻፈው ከየት ወደ የት ነው?»

«ከአንደኛው ወደ...» ብሎ ቀረ።

የሰርቨሩን ገመድ በእጄ ነቀልኩት። እንዲህ ተደርጎ አይጠፋም፣ አውቃለሁ። ሮቤራ ግን አልከለከለኝም።

ማኅሌት በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። ሳትበላ ሳትጠጣ ያልተጻፈበትን የዲስክ ክፍል ስትፈትሽ ሰነበተች። ተቆጥቻት ነበር፤ ሁኔታዋን ሳይ ግን ቁጣዬ ራሴኑ አሳፈረኝ። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቁራጭ ብቻ ወጣች።

ቅዳሜ ለንሳ ጥቁር ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። እኔ አፌን ሳልከፍት ማኅሌት ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለቻት በአማርኛ፤ አንዲት የኦሮምኛ ቃል አልደፈረችም። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

ለንሳ እንደ ነርስነቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «የቀረ የለም?» አለች።

ከፈትንላት። ድምፁ የእኔ ነው። «ኦቦ ጃርሶ፣ እንግዲህ ቀደም ሲል ስለ ድንበር ጠብ የነገሩን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በአማቾች መካከል የሚነሣውን ስንመለከት፣ አንዳንድ አጥኚዎች እንደሚሉት...» እያልኩ እቀጥላለሁ። አያልቅም። ከሥሩ አንድ ሰው ያስላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በርጩማው ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

«አባቴ ነው» አለች ለንሳ፣ ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፋ። «ደረቱ ነው።»

ጥያቄዬ እንደምንም አለቀ። ሽማግሌው ሊመልሱ አየር ሳቡ። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ለንሳ እንደገና እንዲከፈትላት ጠየቀች፤ ደግሞ አሁንም። ማኅሌት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። ከዚያ ለንሳ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ የለባትም።

«ምነው ኦቦ ጉደታ» አለችኝ፣ «ትንሽ ዝም ቢሉለት ኖሮ።»