ድምፅ የሌለው ዓሣ

«ሐኪሙ ምን አለህ?» ብላ እናቱ አባቱን ስትጠይቅ ሰምቷል፤ ያኔ ልጅ ነበር፣ ከኩሽናው በር ኋላ ቆሞ። አባቱ ዓሣ እየጠበሰ የመለሰውን ግን የሚንጫጫው ዘይት ዋጠበት። «ተይኝ እባክሽ» ያለ ይመስለዋል፤ እግዜር ይወቀው። ክረምቱ ሳይወጣ አባቱን ቀበሩ።

እሱም እንደ አባቱ ዓሣ ጠባሽ ሆነ። የዓሣውን መብሰል የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ዘይቱ ዝም ማለት ሲጀምር ያወጣዋል።

ዛሬ ደረቱን አሞት ከሄደበት ሐኪም ቤት ሲመለስ፣ ሚስቱ የሐይቅ ዓሣ ፊሌቶ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሽታ ኦቭን ውስጥ ከታ ጠበቀችው። ኦቭኑ ድምፅ የለውም። ጨነቀውና በሩን ደጋግሞ ከፈተው፤ ሙቀቱ እየወጣ ዓሣው አልበስል አለ።

«አንተ ሰው፣ ዓሣ ነው ወይስ የተኛ ሕፃን፣ አሥሬ የምታየው?»

«ዝም ብሎ የሚበስል ነገር አላምንም።»

ሚስቱ አልሳቀችም። «ሐኪሙ ምን አለህ?» አለችው።

ልጃቸው ከደብተሯ ቀና አለች። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቃሉን የሚሸፍንለት ዘይት አልነበረም።

«የተጠበሰ ካልተውክ ልብህ አይችልም አለኝ።»

«እና?»

የኦቭኑን በር ገፋ አድርጎ ዘጋና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አብስዪልኝ። አልከፍተውም።»