ጀርባዋን ለሜዳ የሰጠችው ቬርና

ቬርና ሃልቨርሰን የዱሉት ከተማን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን፣ ማዕበልን፣ ስትደግፍ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። በነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት፣ ሜዳው ላይ ከደጋፊው ሁሉ ቀድማ ደርሳ ከሁሉም ኋላ እየወጣች፣ አንድም ጎል በዓይኗ አላየችም። ዓይኗ ደህና ነው። ችግሩ ሥራዋ ነው፤ ቬርና አስጨፋሪ ናት።

በሰሜን በኩል ካለው ጎል ጀርባ፣ ደጋፊው ቆሞ ከሚጨፍርበት ደረጃ ፊት ለፊት፣ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። ቬርና ጨዋታ ሊጀመር ሲል ቀዩን ጃኬቷን ለብሳ እዚያ ሳጥን ላይ ትወጣለች። ፊቷን ለደጋፊው፣ ጀርባዋን ለሜዳው ትሰጥና በድምፅ ማጉያዋ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ታዘፍናለች። ደንቡ አንድና አንድ ነው፤ አስጨፋሪ አይዞርም። ከዞረ ጎል ይገባብናል። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፣ ግን ሦስተኛው ዓመት ላይ ቬርና በጉንፋን ቀርታ የከበሮ መቺው የአርሎ አማች ተክቷት ነበር። ሰውየው "ምን አለበት፣ አንዴ ብቻ" ብሎ ዞር ከማለቱ ጎል ገባ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተከራከረም፤ አማቹም ጨዋታ የሚያየው ከቤቱ ነው።

ታዲያ ቬርና ጨዋታውን እንዴት ትከታተላለች? በሰው ፊት ነዋ! ቡድናቸው ሲያጠቃ የአርሎ አፍ እንደ ጋራዥ በር ይከፈታል። ኳሱ ወደነሱ ጎል ሲጠጋ ደግሞ ጥርስ ሐኪሟ ደልፊን የአንገት ልብሷን ትነክሳለች፤ የሌላውን ጥርስ ስታክም ውላ የራሷን በሱፍ ትጨርሳለች። ቬርና ሁለቱን እያየች የማዕዘን ምቱን ከቅጣት ምቱ ለይታ ታውቃለች። ማታ በቴሌቪዥን እንድታየው ሲመክሯት ደግሞ እሺ አትልም። "ውጤቱን ያወቅሁትን ጨዋታ? የቀዘቀዘ ሾርባ ጠጪ በሉኝ" ትላለች።

ጀርባ ሰጥቶ መጠበቅ ለሷ አዲስ ነገር አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ልጆቹ ከኋላ እንደ ጉድ እየጮሁ፣ እሷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ አልፎ አልፎ በመስታወቷ እያየች ሁሉንም ቤታቸው አድርሳለች። ልክ ከሷ መቀመጫ ኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው ልጅ ብሪን ኮስኪ ነበረች፤ ኳሷን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጠርዝ አውጥታ የጫማዋን ክር የምታስር ዝምተኛ ልጅ። ያቺ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የማዕበል ግብ ጠባቂ ናት፤ የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ጓንቷን እንደምትሰቅል በሚያዝያ ተናግራለች። አገር የሚያወራለትን የብሪንን ኳስ አያያዝ ቬርና አንድም ቀን አላየችም። ይህ ነገር ከሚያዝያ ጀምሮ ሆዷ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ ቬርና ዘዴ አበጀች። ማዕበል የዛሬውን ጨዋታ ካሸነፈ ቅዳሜ የጥሎ ማለፉን ጨዋታ እዚሁ ዱሉት ይጫወታል። ለቅዳሜ ድምፅ ማጉያውን ለደልፊን አስረክባ፣ በጎን በኩል አምስተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ይዛለች። እንደ ማንኛውም ሰው ቁጭ ብላ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ብሪንን አንድ ጊዜ ልታያት ነው። ዛሬ ካላሸነፉ ግን ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም፤ የብሪንም ዘመን ዛሬ ያበቃል።

የሚያሳስብ ግን አልነበረም። የዛሬዎቹ ተጋጣሚዎች የኦማሃ ልጆች ከሰንጠረዡ ግርጌ ናቸው፤ ካሸነፉ ዘጠኝ ጨዋታ አልፏቸዋል። ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው መኪና ማቆሚያው ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው የጥቅምት ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል፣ ቋሊማው ከሰሉ ላይ ይንጫጫል፣ ደልፊን ከትልቁ ቴርሞሷ የዱር ሩዝ ሾርባ ለሁሉም ትቀዳለች።

"ቅዳሜ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ አሉ" አላት አርሎ፣ ቋሊማውን እየገመጠ። "እንደ ባለሥልጣን!"

"የታመመ ጉልበቴ ነው የሾመኝ።"

"ትራስም ይዘሽ ነይ። ብርድ ልብስም። ከፈለግሽ እኔ እየመጣሁ ጎል ሲገባ እቀሰቅስሻለሁ።"

"አንተ መጀመሪያ ከበሮህን በምቱ ምታ" አለችው ቬርና። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ምት ወደኋላ እንደቀረህ ነው።"

"ስሟት! ከበሮ የምመታው ለሷ ብዬ ነው እኮ!"

ደልፊን ኩባያውን ለቬርና እያቀበለች ጠጋ አለቻት። "ዛሬ ብቻ ቻይው እሺ? ዘጠና ደቂቃ ናት። ቅዳሜ እስኪበቃሽ ታያታለሽ።"

"አሥራ አንድ ዓመት የቻልኩ ዘጠና ደቂቃ ያቅተኛል እንዴ?" አለች ቬርና፣ ደረቷን ነፍታ።

የመጀመሪያውን አጋማሽ ብሪን የተሰለፈችው በሰሜኑ ጎል ነበር፤ ከቬርና አሥራ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ። ሁለቱ ጀርባና ጀርባ ሆነው፣ አንዷ ወደ ሜዳው አንዷ ወደ ሕዝቡ ይጮሃሉ። "ውጡ! ግራ! የኔ ናት!" ትላለች ብሪን። ቬርና ድምፁን በሰማች ቁጥር አንገቷን የሚያሳክክ ነገር ይሰማታል። ዘፈኑን ከፍ ታደርገዋለች።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የአርሎ አፍ ተከፈተ። በጣም ተከፈተ። ቀጥሎ የከበሮው ዱላ ሰማይ ላይ ሲወረወር አየች፤ ደልፊን የማታውቀውን ሽማግሌ አቅፋ ትዘላለች፤ ደረጃው ላይ ያለው ሁለት መቶ ሰው ጮቤ ረገጠ። አጥቂዋ ጆሲ አግብታለች ማለት ነው። አንድ ለዜሮ! ቬርና ሳጥኗ ላይ ሆና በታመመ ጉልበቷ ሳይቀር ዘለለች።

ከዚያ በኋላ የማዕበል ልጆች ጨዋታው ያለቀ መሰላቸው። ኳስ ያመላልሳሉ፣ ያሳምራሉ፣ ባዶ ጎል ይስታሉ። አርሎ አፉን አምስት ጊዜ ከፍቶ አምስት ጊዜ በብስጭት ዘጋው። ቢሆንም የኦማሃ ልጆች መሃል ሜዳ የሚሻገሩ አልሆኑም። የደልፊን የአንገት ልብስ ከአንገቷ ሳይነሳ ደረቅ እንደሆነ ቆየ። ዘጠናው ደቂቃ ሞልቶ ዳኛዋ አራት ደቂቃ ስትጨምር ደልፊን ኩባያዎቹን መሰብሰብ ጀምራለች። ከዚያ ቀና ብላ ለቬርና ሁለት ጣቷን አሳየቻት፤ ሁለት ደቂቃ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰው የሚበላሸው። ቬርና የሁሉንም ፊት አየች። ሁሉም ይስቃል። አልቋል አለች በልቧ። ቅዳሜ እንግዲህ ቅዳሜ ነው፤ ግን ቅዳሜ ዝናብ ቢጥልስ? ብሪንን ጉንፋን ቢይዛትስ? እኔን አንድ ነገር ቢያገኘኝስ? አሁን እኮ እዚያው ቆማ ነው ያለችው፣ ምንም ሳትሠራ። አንዴ አይቻት ብመለስ ማን ያውቃል? አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀች ሴት ሁለት ደቂቃ መጠበቅ አቃታት።

ዞረች።

ሣሩ ካሰበችው በላይ አረንጓዴ ነበር። ከሜዳው ማዶ፣ በደቡቡ ጎል፣ ቢጫ ማልያ የለበሰችው ብሪን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ልጅቷ ከሩቅ ስትታይ ያኔ በአውቶቡሱ የምታሳፍራትን ልጅ ታህል ነበር። ብሪንም ቀና አለች፣ ወደ ሰሜን አየች፣ ባለችበት ደርቃ ቀረች። የኦማሃዋ ዘጠኝ ቁጥር ከመሃል ሜዳ ዝም ብላ የላከችው ኳስ አንዴ ነጠረ፣ ሁለቴ ነጠረ፣ በብሪን እግር አጠገብ እየተንከባለለ አልፎ መረቡ ላይ አረፈ። ቬርና በዕድሜዋ በዓይኗ ያየችው የመጀመሪያ ጎል ይህ ሆነ።

ቀስ ብላ ወደ ደጋፊው ስትመለስ ሁለት መቶ ሰው ሜዳውን ሳይሆን እሷን ያያል።

"ቬርና" አለ አርሎ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "አልዞርሽም በይኝ። ዋሺኝ።"

"ዞርኩ።"

"ኧረ በሕግ አምላክ!"

ደልፊን የአንገት ልብሷን ነከሰች። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ፤ አንድ ለአንድ። የኦማሃ ልጆች ዋንጫ እንዳነሳ ሰው ሜዳው ላይ ይንከባለላሉ፤ የማዕበሎቹ ባሉበት ቁጭ ቁጭ አሉ። ጥሎ ማለፉ ቀረ፣ ቅዳሜ ቀረ፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ወንበር ቀረ። የአንዲት ጡረተኛ አንገት ኳስ አያንቀሳቅስም ብሎ የሚያምን ሰው ይኖር ይሆናል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ግን አንድም አልነበረም። ቬርና ድምፅ ማጉያውን አነሳች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ድምፅ ማጉያውን አውርዳ በጃኬቷ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።

"ያንቺ ነው እንጂ የማን ሊሆን!" አለ አርሎ። ቀጥሎ ግን ስታለቅስ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በቃ፣ በቃ አታልቅሺ። አማቼ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ይሆናል፣ ከቤቱ ይወጣል። ትልቅ ውለታ ነው የዋልሽለት።"

የሳቁ ሰዎች ነበሩ። ደልፊን የተረፈውን ሾርባ ቀድታ አስያዘቻት።

ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቾቹ ዞረው ደጋፊውን ማመስገን ልማዳቸው ነው። ብሪን ጓንቷን እንዳጠለቀች፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ቀጥ ብላ ወደ ሳጥኑ መጣች።

"በኔ ነው ልጄ" አለች ቬርና።

"አዎ፣ በእርስዎ ነው ሚስ ቬርና" አለች ብሪን።

እንዲህ ያለ መልስ ማንም አልጠበቀም።

"አሥራ አንድ ዓመት ከዚያኛው ጎል ሆኜ የማየው የእርስዎን ጀርባ ነው" አለች ብሪን። "ያን ቀይ ጃኬት። ልቤ ሲፈራ እሱን አያለሁ። ሚስ ቬርና ካልዞሩ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው፤ አውቶቡሱም ውስጥ እንደዚያ ነበር። እርስዎ የሚዞሩት አንድ ልጅ ሲታመም ብቻ ነበር እኮ! ዛሬ ሲዞሩ ደጋፊው መሃል ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ። ኳሷ መጣች አልመጣች ማን ያያታል?"

"ብያለሁ!" አርሎ ከበሮውን በጡጫ መታ። "ስንት ዓመት ስናገር! አስጨፋሪ ሲዞር ጎል ይገባል! ይኸው ከባለቤቷ አፍ!"

ሳቁ ጋብ ሲል ብሪን "ግን ለምን ዞሩ?" አለች።

"አንድ ጊዜ ላይሽ ብዬ።"

"ምን ማለት ነው? አይተውኝ አያውቁም?"

"አንድም ቀን። ኳስ ስትይዢ አንድም ቀን አላየሁሽም።"

ብሪን ጓንቷን አጠበቀችና ወደ ሜዳው ጮኸች። "ጆሲ! ኳስ አምጪ!"

የሜዳው ዘበኛ ሊዘጋ ፈልጎ ሰዓቱን እያሳየ ሲመጣ ደልፊን ሾርባ አስይዛ አስቆመችው። አርሎና ሌላ ሰው ቬርናን ደግፈው ከአጥሩ አሻገሯትና ከሰሜኑ ጎል አጠገብ ሣሩ ላይ ቆመች። ብሪን ጎሉ መስመር ላይ ቆመች፤ ጆሲ ኳሱን የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ አስቀመጠች። ልትመታ ስትል አርሎ እጁን አነሳ።

"ቆይ! ደንብ ደንብ ነው። እሷ ሜዳውን ካየች እኛ አናይም። ዙሩ!"

ሁለት መቶው ሰው፣ ዘበኛው ጭምር፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጠ። ዘፈኑም ተጀመረ፤ ከበሮው እንደ ልማዱ አንድ ምት ወደኋላ ቀርቷል።

ጆሲ አልራራችም፤ በሙሉ ጉልበቷ መታችው። ቬርና ግን ኳሱን አይደለም ያየችው። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት የብሪን ግራ ጉልበት ሲታጠፍ አየች። ምላሷ በከንፈሯ ጠርዝ ወጥታለች፤ ያችው ልጅ ናት፣ ምንም አልተለወጠችም። ከዚያ ያ ቁመት በሙሉ አየር ላይ ተዘረጋ፣ ኳሱ ሁለቱ ጓንቶች መሃል ጠፋ፣ ብሪን ደረቷ ላይ አቅፋው ሣሩ ላይ ወደቀች።

ዘፈኑ ቆመ።

"ምን ሆነ?" አለ አርሎ፣ አንገቱን አደንድኖ ደረጃውን እያየ። "ቬርና! ምን ሆነ? ተናገሪ እንጂ!"

"ገባ እንዴ?" አለች ደልፊን፤ የአንገት ልብሱ አፏ ውስጥ ስለነበር በደንብ አልተሰማም።

ቬርና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ግን ወዲያው አልተናገረችም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እነሱ ያላዩትን እሷ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሷ ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃለች፣ እነሱ አምስት ሰከንድ ቢጠብቁ አይሞቱም። ብሪን ከወደቀችበት ሆና፣ ኳሱን እንዳቀፈች፣ እየሳቀች ታያታለች።

"ያዘችው!" አለች ቬርና። "በዓይኔ አየኋት፣ ያዘችው!"