አይዞሽ የሚለው እግር

መኪናው ቆመ። ጥያቄው ማን አቆመው ነው።

መሀል መንገድ ዘው ብሎ የገባው ውሻ መኪናው ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ሰዎች በንቀት ካያቸው በኋላ ጭራውን እየቆላ ተሻገረ። መርማሪዋ መሪውን እንደጨበጠች ወደ ታች አየች። ቀኝ እግሯ ፍሬኑ ላይ ነው። መቼ ደረሰ? «ውይ!» ማለቷን ታስታውሳለች። ከጎኗ ያሉት አሰልጣኝ «አይዞሽ» ማለታቸውንም ታስታውሳለች። እግሯ ከነዳጁ ተነስቶ ፍሬን መርገጡን ግን ቢገድሏት አታስታውስም።

«ጎበዝ!» አሉ አሰልጣኙ። «ነገ ፈተናውን ካላለፍሽ ስሜ ይቀየር!»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያቆምኩት?»

«ታዲያ ውሻው ነው?»

እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

መርማሪ የሚለውን ስም ያወጡላት የምትሠራበት መዋዕለ ሕጻናት አስተማሪዎች ናቸው። እዚያ የሚኒባሱ ረዳት ናት፤ በር ትከፍታለች፣ ቀበቶ ታስራለች፣ ንፍጥ ትጠርጋለች። እንቁላል ስትገዛ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ይዛ ታያለች። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላት «እርስዎ ቢሆኑ ይውጡታል?» ትላለች። ባሏ «እኔንም ከማግባትሽ በፊት ወደ ፀሐይ ይዘሽ ሳታይኝ አልቀረሽም» እያለ ያበሽቃታል። ይበል! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሷ መልስ።

አሁን የሚኒባሱ ሹፌር ጡረታ ሊወጡ ነው። ዳይሬክተሯ ጠርታ «መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ መሪው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ» ብላታለች። መርማሪዋ ያንን መሪ ፈልጋዋለች፤ እንዴት አድርጋ እንደፈለገችው! ዕድሜዋን ሙሉ በር ስትከፍት ልትኖር ነው እንዴ? ግን ደግሞ ከኋላ የሚቀመጡትን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ከመካከላቸው አንዷ የራሷ ልጅ ናት።

አሰልጣኙም ቅጽል ስም አላቸው፤ «ጋሽ አይዞህ» ይባላሉ። ወንዱን አይዞህ፣ ሴቷን አይዞሽ እያሉ ያላሳለፉት ሰልጣኝ የለም ይባላል። ጫማቸው ሁልጊዜ እንደ መስታወት ያበራል። በእሳቸው እግር ሥር፣ እንደ ማንኛውም «ለማጅ» የሚል የተለጠፈበት መኪና፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ሁለተኛ ፍሬን አለ። መርማሪዋ ያለፉትን ልምምዶች መለስ ብላ አሰበች። ቁልቁለቱ ላይ አይዞሽ ሲሉ መኪናው ቀዝቀዝ ይላል። አደባባዩ ጋ አይዞሽ ሲሉም እንዲሁ። ይሄ ቃል የሚወጣው ከአፋቸው ነው ወይስ ከእግራቸው? አንዴ ከጠረጠረች ደግሞ እንቅልፍ የላትም።

የዚያኑ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ሕጻናቱን አድርሳ ስትመለስ ከባዶው ክፍል አንድ ብጫ ጠመኔ አነሳች። ለመጨረሻው ልምምድ ቀድማ ደረሰች። አሰልጣኙ ከጓደኞቻቸው ጋር ጨዋታ ይዘዋል፤ መኪናው አልተቆለፈም። ጎንበስ ብላ የእሳቸውን ፍሬን በጠመኔው ደህና አድርጋ ቀባችው። ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ሽማግሌ ሰው ላይ! ንጹሕ ከሆኑ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ ብላ ቀበቶዋን አሰረች።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዳይረዱኝ። አደራ፣ እግርዎን እንዳያነሱ» አለች ሲገቡ።

«የኔ እግር? እሱማ ጡረታ ከወጣ ሰነበተ» አሉ ሱሪያቸውን ሰብሰብ እያደረጉ።

ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች። ፍሬቻ አሳየች፣ ስፖኪዮ አየች፣ ማርሽ ቀየረች። ቁልቁለቱን ወርዳ ማቋረጫው ጋ ስትደርስ ሁለት ተማሪዎች እየተሳሳቁ ዘው አሉ። «አይዞሽ!» አሉ አሰልጣኙ። መኪናው እንደ ቅቤ ለስለስ ብሎ ቆመ።

«አየሽ? እኔ ጣቴንም አላነቃነቅኩ። ሁሉንም አንቺ!»

ማሠልጠኛው ጋ ሲመለሱ አሰልጣኙ ወርደው ውኃ ሊገዙ ወደ ኪዮስኩ አመሩ። መርማሪዋ በሩን ይዛ ቆመች። ጥቁሩ አስፋልት ላይ ቀኝ እግራቸው ባረፈ ቁጥር ብጫ ማኅተም እየተወ ሄደ። የግራው ምንም የለበትም።

«ጋሼ!» አለች። «እስኪ ኋላዎን ይዩ።»

ዞሩ። ዱካቸውን አዩ፤ ጫማቸውን ገልብጠው አዩ፤ በመጨረሻ እሷን አዩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ተንኮለኛ ነሽ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስሚኝ እህቴ፣ ሰው ሲፈራ ይሳሳታል። እኔ ፍርሃቱን ነው የምይዝልሽ። ቆይተሽ ትለምጂዋለሽ።»

«ዋሹኝ እኮ ጋሼ! ጎበዝ ሲሉኝ እውነት መስሎኝ ለባሌ ስፎክር ነው የከረምኩት!»

«ጎበዝ መሆንሽ አይቀርም፤ ምን ቸኮልሽ? ነገ ፈታኙ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ከጎንሽ እኔ ነኝ። እግር ደግሞ ከኋላ አይታይም።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ስንቱን አሳልፌያለሁ፤ አንድስ ሰው መጥቶ ተማርሮብኛል?»

ስንቱን አሳልፌያለሁ። መርማሪዋ መንገዱን አየች። ታክሲው፣ የጭነት መኪናው፣ ሞተር ሳይክሉ ሁሉ ይከንፋል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው የሰው እግር ተውሶ ያለፈው? ቤቷ እስክትደርስ ድረስ አንድም መንገድ ሳትፈራ አልተሻገረችም።

ባሏን የልጃቸውን ዩኒፎርም ሲተኩስ አገኘችው። ከጠመኔው ጀምራ ሁሉንም አወራችው።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አሰብ አደረገ። «ግን ምን ችግር አለው? ዳይሬክተሯ አትጠብቅሽም። መጀመሪያ እለፊ፤ መንዳቱን ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ።»

«በማን ላይ ነው የምለምደው?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ስታከርሪ!»

«እሺ አለፍኩ እንበል። ሰኞ ጠዋት ሚኒባሱን ይዤ በር ላይ መጣሁ። ልጅህን ታሳፍራታለህ?»

ባሏ ካውያውን አቆመ። ዩኒፎርሟን አነሳ፣ አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ።

«ለጊዜው» አለ አይኑን ሳያነሳ፣ «ለጊዜው እኔ በእግሬ ባደርሳትስ?»

ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ቶሎ ደግሞ ጠፋ። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ይህን አያውቁም፤ ሰኞ ጠዋት እጃቸውን እያወዛወዙ ያሳፍሯቸዋል። መርማሪዋ ይህን ስታስብ ራት አልበላላትም።

በማግሥቱ ፈታኙ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ገና ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን የተቋጠረ። አሰልጣኙ ከጎኗ ናቸው። ጫማቸው እንደገና ተወልውሏል፤ ብጫዋ የት እንደገባች እንጃ። ቀኝ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርጋ አድርገው አመቻቹ። መርማሪዋ አየችው። ያ እግር ዛሬ መሪ ሊሰጣት ነው፤ ደሞዝ፣ ክብር፣ የፊት ወንበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

«ተነሽ» አለ ፈታኙ።

«አይዞሽ» አሉ አሰልጣኙ።

ሞተሩን አጠፋችው።

«ጌታዬ» አለች ወደ ኋላ ዞራ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ከፊት ይቀመጡልኝ። ጋሼ ከኋላ ይሁኑ።»

«ምን ነካሽ?» አሉ አሰልጣኙ። ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ፈታኙ ቀና አለ። አንዴ እሷን፣ አንዴ አሰልጣኙን፣ አንዴ ወደ ወለሉ አየ። ገባው መሰለኝ፤ የሱም ፊት ጥርጣሬ ያውቃል።

«ከፊት ከተቀመጥኩ» አለ፣ «ይሄን ፍሬን አንዴ ከነካሁት ወደቅሽ ማለት ነው። ገብቶሻል?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ሁለቱ ሰዎች ወርደው ቦታ ተለዋወጡ። መርማሪዋ ቀበቶዋን ጎትታ ፈተሸች። ቀኝ እግሯን ነዳጁ ላይ፣ ከዚያ ፍሬኑ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ነዳጁ ላይ አደረገች። ሞተሩን አስነሳች። በስፖኪዮው ውስጥ አሰልጣኙ ታዩአት፤ የፊቱን ወንበር ጀርባ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል፤ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። እስከዛሬ እሷ በምትነዳው መኪና ውስጥ እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

«አይዞዎት፣ ጋሼ» አለችና ፍሪሲዮኑን ለቀቀች።