ዘጠነኛው የፊደል ሻምፒዮና

ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ደብረ ታቦር ከጋሼ አያሌው ልብስ ስፌት ቤት የተገኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ዳኛው ጋሼ አያሌው፣ ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራው ጌጤና እንጨት ሠሪው ተስፋነህ።

ዘጠነኛው የፊደል ሻምፒዮና ነው፤ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ከከረጢት እያወጡ፣ በሰሌዳ ላይ ቃል እየሠሩ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ስምንት ተጫዋቾች፣ አብዛኞቹ መምህራን፣ መጥተው፣ ወንበር አልበቃ ብሎ በጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ መምህራኑ ተዛወሩ፤ የቀሩትም ስልካቸው ላይ ቀሩ። ደንቡ ግን አልተለወጠም። ያሸነፈ ሰው ስሙ በሰሌዳው ጀርባ ይጻፋል፤ ሰሌዳውን ቤቱ ወስዶ ያከርማል፤ በዓመቱ የትም ቢሆን ይዞት መጥቶ ይጋጠማል። ያለፉት አራት ዓመታት ስም የተስፋነህ ነው።

ተስፋነህ ከጉና ተራራ ሥር ወርዶ ከተማ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት ምላሱ ይታሰራል። ከጌጤ ጋር ግን በየእሑዱ ፊደል ሲደረድሩ ይውላሉ። እሷ ትቀልዳለች፣ እሱ ይስቃል። ከእሑድ እስከ እሑድ ሌላ የሚያጫውተው ሰው የለውም። አሁን ጌጤ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውራለች፤ ኀሙስ ትሄዳለች።

ስለዚህ ሊሸነፍ ቈርጦ መጣ። ካሸነፈች ሰሌዳውን ትወስዳለች፤ ከወሰደችም ለዓመቱ መምጣቷ አይቀርም።

ጠጠሩ ግን እሱኑ ወደደ። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ጌጤ በሦስት ነጥብ ብቻ ትመራ ነበር። በእሱ እጅ «ገ» እና «ብ» ቀርተዋል፤ በሰሌዳው ጥግ «ስ» ፊቷ ክፍት ሆኖ ቆማለች።

«ተራዬን አልፋለሁ» አለ ተስፋነህ።

«ጾሙ እኮ ዛሬ ተፈታ፤ ምን አደከመህ?» አለች ጌጤ፤ የመጨረሻ ጠጠሯንም አስቀመጠች።

ተስፋነህ የቀሩትን ወደ ከረጢቱ ሊመልስ ሲል ጋሼ አያሌው ያዙት። «ግለጥ እንጂ። የቀረው ከነጥብህ ይቀነስ የለም?»

ረስቶት ነበር። ገለጠ።

ጌጤ ሁለቱን ጠጠሮች በጣቷ እየገፋች ከ«ስ» አጠገብ አደረሰቻቸው። ፈገግ እንዳለች ነበር፤ ቀስ እያለ ፈገግታዋ ጠፋ።

«የጉና ልጅ ሆነህ ገብስ ጠፋህ?»

ተስፋነህ ከረጢቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«አንድ ቀን አሸንፌህ አላውቅም። ዛሬ ቻልኩ ብዬ ነበር እኮ። ለካ መሸኛ ሰጥተኸኛል።»

«እንዲያ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

መልሱን ሳምንቱን ሙሉ ሲያስበው ሰንብቷል። እንድትመጪልኝ ብዬ ነው፤ ይኸው ነው።

«ተናገር እንጂ ልጄ» አሉት ጋሼ አያሌው።

ተስፋነህ ጠጠር መሰብሰብ ጀመረ። ጌጤ እጁን ጥቂት አየችና ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«ጋሼ፣ ስሜን እንዳይጽፉት። ሰሌዳውም እዚሁ ይቆይልዎ» አለች።

ኀሙስ ጠዋት ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደች። በዓመቱ ጋሼ አያሌው ስፌት ቤታቸውን ከፍተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ፤ የመጣው ተስፋነህ ብቻ ስለ ነበር ሻምፒዮናው አልተካሄደም።