በእጄ ጽሑፍ የታተመው ደብዳቤ

ሰው ሁሉ ጋሽ ብሩሽ ይለኛል። ሥራዬ የማስታወቂያ ጽሑፍ ነው፤ በቀለም፣ በብሩሽ፣ በእጄ። በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች ግማሾቹ በራቸው ላይ ያለውን ስም የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ማን በእጅ ያስጽፋል? ሁሉም ወደ ማሽን ሮጧል። ፕላስቲክ ላይ ታትሞ ይመጣል፣ ይሰቀላል፣ ትንሽ ፀሐይ ሲነካው ይገረጣል። ይገርጣ፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ቸግሮኛል እንጂ። ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ማሽኑን እዚህ ከተማ ያስገባው ማን መሰላችሁ? የገዛ ወንድሜ፣ ታናሼ። እናታችን ስታርፍ ገና ልጅ ነበር። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ፣ ብሩሽ አያያዝ ያሳየሁት እኔ። አድጎ አንድ ሱቅ ውስጥ አብረን ስንሠራ ኖርን። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ስጽፍ እሱ ከታች ይይዝልኛል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ይቀልድብኛል። መስመሬ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ከፍ የማለት አመል አለበትና «ጋሼ፣ ፊደልህ ዳገት እየወጣ ነው፣ ያዘው!» ይለኛል። እስቃለሁ። ምን ያደርጋል!

አንድ ቀን «ጋሼ፣ የኅትመት ማሽን ልናስገባ ነው» አለኝ። ልናስገባ ሲል እኔንም ቆጥሮ መሆኑ ነው። «እዚህ ሱቅ ውስጥ ማሽን አይገባም» አልኩት። «ካልገባ እኔ እወጣለሁ» አለ። «ውጣ» አልኩ። ወጣ። እሱም ግትር፣ እኔም ግትር፤ የአንድ እናት ልጆች አይደለን? ከአደባባዩ ማዶ ማተሚያ ቤት ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ በዚያኛው በኩል አላልፍም፣ እሱም በዚህኛው አያልፍም። ዓመታት ሄዱ።

ሰው ሲጠይቀኝ «ይመቸው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ናፍቆቱ አንጀቴን ቆርጦታል። በሩ ላይ የሰው ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ቀለም የሚገዛ ሰው ይሆናል ወይ መንገድ የጠፋበት። ይምጣ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ሄጄ ና እንዳልለው ግን እግሬ እንቢ አለኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ምርጫው የመጣው። የጤና ጣቢያችን አዋላጅ፣ ሲስተር የምንላት፣ ለከተማው ምክር ቤት ልወዳደር ብላ ተነሳች። ፓርቲ የላት፣ ሀብታም ዘመድ የላት። የምትሰበስብበት ቤት አጥታ ስትዞር ረጅሙን ጠረጴዛዬን አየችና «ጋሼ፣ ይህን ጠረጴዛ እስከ ምርጫው ድረስ አውሰኝ፤ አንተንም ጨምረህ» አለችኝ። ሳቅሁና እሺ አልኳት።

ተፎካካሪዋ አንድ ነጋዴ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት አሳትሞ በየበሩ አስበትኗል፤ ፎቶው ከነክራቫቱ። ሰዉ ምን አደረገው? አንዱ የሚነቃነቅ አልጋ እግር ሥር ወሸቀው፣ ሌላዋ መደርደሪያ አለበሰችበት። ሲስተር ይህን ስላየች የመጀመሪያ ቀን ደንብ አወጣች። «ከዚህ ቤት የታተመ ወረቀት አይወጣም። ደብዳቤ በእጃችን እንጽፋለን። ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት የምትጽፉለትን ሰው አስቡት። ስለ እኔ ትንሽ፣ ስለ እሱ ብዙ። መጨረሻው ላይ የጻፈው ሰው አድራሻውን ያስቀምጥ፤ ሰው መልስ ካለው ለማን እንደሚሰጥ ይወቅ።»

እሰይ! አልኩ በሆዴ። የኔ ቀን መጣ።

ጻፍን። ሲስተር ራሷ ላዋለደቻቸው እናቶች ትጽፋለች፤ «ትንሹ እግር አወጣ? ትልቋስ መቅናቷን ተወች?» እያለች። ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ ለደንበኞቿ ስትጽፍ ደግሞ እግዜር ያሳያችሁ! የሴቱን ምስጢር ሁሉ ታውቃለች። «ለባልሽ ያልነገርሽውን ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺም ሲስተርን ምረጪ» ብላ ስትጽፍ ያዝኳት። «ይሄ እኮ ማስፈራራት ነው!» ብላት «ማስታወስ ነው» አለችኝ፤ ዓይኗን ሳታሽ።

ግን ከተማው ሰፊ፣ እኛ ጥቂት። ምርጫው እየደረሰ፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ሰፈር ገና አልተነካም። የሁላችንም ጣት አብጧል። አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ ብዕሯን ወረወረችና፦

«እኔ በቃኝ! የጋሽ ብሩሽ ጽሑፍ እንደሆነ ዓይን ይስባል። እሱ አንድ ይጻፍና እናባዛው። የእጅ ጽሑፍ ነው ብሎ ሰው ያነበዋል።»

ቱግ አልኩ። «እጄን በማሽን ልታባዢው?»

«እጁ ያንተ፣ ቃሉ ያንተ። ማሽኑ ምን አደረገህ?»

ምን አደረገህ ትለኛለች! ወንድሜን ወሰደብኝ ልላት ነበር፤ ዋጥኩት። ሲስተር ደንቧን ማፍረስ ቢከብዳትም፣ ወረቀቱ ግርጌ «የእጅ ጽሑፍ ቅጂ» ተብሎ በትንሹ ከተጻፈበት እሺ አለች። «የት ነው የምናሳትመው?» ብላ ጠየቀች። ፀጉር ሠሪዋ ጣሪያውን አየች። ከተማው ውስጥ ያለው ማተሚያ ቤት አንድ ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ፤ የምጮህ መስሏቸዋል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነበር። ወንድሜ ይህን ደብዳቤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያየዋል።

«እጽፋለሁ፤ ብቻዬን ተዉኝ» አልኳቸው።

ለሕዝብ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ እጄ ግን ወደ እሱ ሄደ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ይመስገን። ሲስተር ለምክር ቤት ትወዳደራለች። ሰው ሲጠራት ጫማዋን ሳታስር የምትሮጥ ሴት ናት፤ ድምፅህን ብትሰጣት ደስ ይለኛል። ብትሰጣትም ባትሰጣትም ግን ና። ከተያየን ስንት ጊዜያችን? በሬ ክፍት ነው። ያለፈውን አልጠይቅህም፣ አንተም አትጠይቀኝ። ወንበር አለ፤ ዝም ብለን እንቀመጣለን። እጠብቅሃለሁ።»

ከሥሩ የሱቄን አድራሻ አሰፈርኩ።

ፀጉር ሠሪዋ አነበበችው፤ አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገች። «ጋሽ ብሩሽ፣ ይሄ እኮ ለመራጭ የተጻፈ አይመስልም።»

«ለማን ይመስላል ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ ሆዴን አባባው። ደግሞ ሁሉም ‹አንተ› ነው፤ ሴቶቹስ?»

«ሴቶቹ ይረዱኛል» አልኩ። ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላ ረዘም ላለ ጊዜ ካየችው በኋላ «እንዳለ ይሂድ» አለች። ፀጉር ሠሪዋ ይዛው ሄደች።

ታትሞ በጥቅል በጥቅል ሆኖ ሲመጣ አንዱን መዝዤ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። መስመሬ ቀጥ ብሏል! ያ ዳገት መውጣቱ የለም። ወንድሜ እያንዳንዱን መስመር እያወረደ አስተካክሎታል። ይህን ያህል ከለፋበት ቃል በቃል አንብቦታል ማለት ነው። ሱቁን ጠረግሁ፣ ወለሉ ላይ የደረቀ ቀለም በቢላ ፋቅሁ፣ ደህናውን ወንበር ከጓዳ አውጥቼ ከጠረጴዛው አጠገብ አደረግሁት።

ደብዳቤው ተበተነ። መምጣትስ ሰው መጣ!

መጀመሪያ የመጡት በትር የያዙ እናት ናቸው። «ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ ልጄ» ብለው ደህናው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እጠብቅሃለሁ ያለኝ ሰው አልነበረም። አንተ ብለህ ጽፈህልኛል፤ ግድ የለም።» ሻይ አስመጣሁላቸው።

ቀጥሎ አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን አጠናው፣ አጠናውና፦

«የት ነው የምንተዋወቀው?»

«አንተዋወቅም፣ ወንድሜ።»

«እንዴት አንተዋወቅም? ከተያየን ስንት ጊዜያችን ብለኸኝ! እኔ እኮ ማን ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

የታተመ ነው ብዬ ግርጌውን ባሳየው አላመነም። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ፊደሉን አሸት አደረገው፤ አልለቀቀም። «በጥሩ ቀለም ነው የጻፍከው» አለና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማን ይቆጥራቸዋል! ከልጆቿ ጋር የተኳረፈች መጣች፣ ሥራ የፈታ መጣ፣ ዝም ብለን እንቀመጣለን የምትለዋን ወድዶ የመጣ ዝምተኛ ሰውዬ አለ፤ እንዳለውም ውሎ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። ከፀጉር ሠሪዋ ቤት አግዳሚ ተዋስን። ሁሉም ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ነው የሚመጣው፤ ሁሉም ለኔ ነው የሚለው። ሲስተር በመካከላቸው እየተዘዋወረች የውኃውን፣ የመብራቱን፣ የጭቃውን መንገድ ብሶት ትሰማለች፤ ፊቷ በርቷል።

እኔ በሩን አያለሁ። ከተማው ሁሉ መጣ፤ አንድ እሱ ቀረ። አንብቦ፣ መስመሩን አሳምሮ፣ አትሞ፣ ጠቅልሎ ላከና ቁጭ አለ። ይህን ያህል ጨክነሃል? እላለሁ ብቻዬን። ዘግተኸኝ ልትሞት ነው?

ሲስተር አሸነፈች። ውጤቱ የተነገረ ለት ሱቄ በጩኸት ተናወጠ፤ ፀጉር ሠሪዋ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «በደብዳቤህ ነው! በደብዳቤህ ነው!» ትላለች። በትር የያዙት እናት እንኳ በተቀመጡበት ተወዛወዙ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲስተር ግን ሰዉን ሁሉ ትታ አጠገቤ መጣችና በጆሮዬ፦

«ዛሬም በሩን ነው የምታየው?»

«የምን በር?»

«ጋሼ፣ እኔን አትዋሸኝ። ያ ደብዳቤ ለማን እንደተጻፈ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። የእኔ ሥራ እኮ የሰው ምጥ ማየት ነው።» እጄን ጨበጥ አደረገችና «ራስህ ሂድ» አለችኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ልታረቅ አይደለም፤ ልጣላ ነው የሄድኩት። አደባባዩን ተሻግሬ ማተሚያ ቤቱን በርግጄ ገባሁ። ማሽኑ ይጮኻል፣ ወለሉ በወረቀት ቁራጭ ተሞልቷል፣ የቀለሙ ሽታ ይሰነፍጣል። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወረቀት ይደረድራል። ዞር ሲል መነጽር አድርጓል። ፀጉሩ ሸብቷል። ያ ልጅ እኮ ሸበተ! ማን ነገረኝ?

«ጋሼ?» አለ።

«ደብዳቤው ደርሶሃል፣ አልደረሰህም?» ብዬ ጮህኩ።

«የትኛው?»

«የሲስተር ነዋ!»

«አትሜ ላክሁ እኮ። ጎደለ እንዴ?»

«መስመሩን አስተካክለኸዋል።»

ፈገግ እንደ ማለት አደረገው። «ያው ዳገት ይወጣ ነበራ። ኮምፒውተር ላይ አንድ ባንድ አወረድኩት። እጅህን ሳይ... እንጃ፣ ቶሎ እንዲያልቅብኝ አልፈለግሁም፤ ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ምኑ?»

«ደብዳቤው ምን ይላል ነው የምልህ!»

ግራ ተጋባ። «እኔ በምን አውቄ፣ ጋሼ? እኛ እኮ አናነብም። ቀለሙ እኩል መውጣቱን፣ ጠርዙ አለመቆረጡን ነው የምናየው። የሠርግ ጥሪ ሳትም እውላለሁ፤ ማን እንደሚያገባ አላውቅም። የምርጫ ወረቀት አይደል? ምረጧት ይላል እንጂ ምን ይላል?»

ያን ሁሉ ቀን በሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ የረገምኩት ሰው አላነበበውም። ሊያነበው ፈልጎ አንድ የተበላሸ ቅጂ ከቁርጥራጩ መሀል ይፈልግ ጀመር። ክንዱን ያዝኩት።

«ተወው፤ እኔ እነግርሃለሁ» አልኩ።

መንገር ቀላል መስሎኝ! ለማላውቀው ሰው ሁሉ የደረሰ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

«ና ነው የሚለው» አልኩ በመጨረሻ።

«አልሰማሁህም!» አለ፤ ማሽኑ ይጮኻል። እጁን ዘርግቶ አጠፋው። ቤቱ ጭጭ አለ።

«ና ይላል» አልኩት። «ናፍቀኸኛል፣ በሬ ክፍት ነው፣ ና ይላል። ላንተ ነው የጻፍኩት።»

ወንድሜ መነጽሩን አወለቀ፤ ቀለም በነካው እጁ ዓይኑን ሊጠርግ ሲል ቀለሙ ጉንጩ ላይ ተለቀለቀ።

«ከተማው ሁሉ የመጣው በዚህ ነው?» አለ። «ሰው ሁሉ ወዳንተ ቤት ሲሄድ እኔ ከዚህ አያለሁ። ሁሉን ጠራ፣ እኔን ብቻ ዘለለኝ ብዬ... ስሜን ብትጽፍበት ኖሮ እኮ አነበው ነበር፣ ጋሼ።»

ቀለሙን በእጅጌዬ ልጠርግለት ብዬ ይበልጥ አጨማለቅሁት። ሥራ ሊያሳትሙ የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ወንድሜ «ነገ ተመለሱ» አላቸውና በሩን ከውስጥ ዘጋው።