ለኔም አትክፈቱ

ክረምቱ ክፉ ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውሃ ጠፋ፤ ሲመጣ ደፍርሶ መጣ። መብራቱም እንደዚያው። ነሐሴ ሲጋመስ የኮሌጅ ዘበኛው ሂርጳ ሳል ጀመረው፣ ተኛ፣ ሞተ።

ሠልስቱ ባለፈ ማግስት ሚስቱ ፀሐይቱ መኝታ ቤቷ ገብታ ቆለፈች።

«ኧረ ነውር ነው! በለቀስተኛ ላይ በር ይቆለፋል?» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ሸዋንግዛው። «ውጪ እባክሽ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ተጫዋቹ ሁሉ ያጭበረብራል፤ ሃይ የሚል ጠፋ።»

«ዋናው አጭበርባሪ እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለች ጎረቤቷ ሶፊያ።

ሰው ሳቀ። ፀሐይቱ አልወጣችም። እህል ከቀመሰች ቆይታለች።

ከበሩ ጀርባ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የመጣው ሁሉ «ሂርጳ ጀግና ነበር» ይላታል፤ ያ ቃል ያንገበግባታል። ከዓመታት በፊት ጩቤ የያዙ ወሮበሎች ኮሌጁ ግቢ ገብተው ተማሪ ወግተው ነበር። ሌሎቹ ዘበኞች ሲያሳድዷቸው ሂርጳ ከወጥ ቤቱ ደጅ ንቅንቅ አላለም ተባለ። ሰፈሩ «የወጥ ዘበኛ» ብሎ ስም አወጣለት። እሷም አንድ ቀን ሲጣሉ በዚሁ ስም ጠራችው። ሳቀና ጫማውን መወልወሉን ቀጠለ። እውነት ፈርቶ ነበር? ሳትጠይቀው ሄደ። አሁን የምታለቅሰው ለየትኛው ሂርጳ እንደሆነ አታውቅም።

በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ ፀሐይቱ፣ መቅዲ እባላለሁ። ጋሽ ሂርጳ የሚጠብቁት ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ።»

በሩ አልተከፈተም።

«እዚሁ ቆሜ ልንገርዎት። ወሮበሎቹ ግቢ የገቡ ዕለት ካፌ ውስጥ ነበርን፣ ሁላችንም ሴቶች። ጩኸት ሰምተን ልንሮጥ ስንል ጋሽ ሂርጳ እየገፉ የወጥ ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተቱን። ‹ከውስጥ ቆልፉ። መብራት አጥፉ፣ የስልካችሁን ድምፅ አጥፉ፣ ከበሩ ራቁ። ለማንም እንዳትከፍቱ። ለኔም አትክፈቱ፤ ጩቤ አንገቴ ላይ አድርገው ያስለምኑኝ ይሆናል። ፖሊስ ከመምህራችሁ ጋር ሲመጣ ብቻ› አሉን። ወዲያው ወሮበሎቹ ደረሱ። ‹ሽማግሌ፣ ዞር በል!› ሲሏቸው ሰማን። ‹ዞር ያልኩ ቀን ትገባለህ› አሉ እሳቸው። የጋሽ ሂርጳ ዱላ ሲያርፍ ሰማን፤ ከዚያ የሚሮጥ እግር።»

ፀሐይቱ ተነስታ ወደ በሩ ተጠጋች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹ልጆች፣ አለቀ፤ ክፈቱ› አሉ። ቁልፉ እኔ እጅ ነው። ‹አልከፍትም! ለኔም አትክፈቱ ያሉት ራስዎ ነዎት› አልኳቸው። ሳቁ። ‹ብያለሁ፣ ዝናቡ ግን አልሰማኝም› አሉ። ፖሊስ እስኪመጣ ዝናብ ላይ ገተርኳቸው። በማግስቱ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ፤ ሳላመሰግናቸው ቀረሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ዕዳ አለብኝ።»

ፀሐይቱ በጋቢዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየችውም።

«ብዙ አቆምሽው?»

«እግራቸው እስኪዝል።»

«እንግዲያው አንቺም ቁሚ።»

«ኧረ እትዬ!» አለች ሶፊያ።

«ተፈርዷል! እድሩ ጣልቃ አይገባም» አሉ አቶ ሸዋንግዛው፤ ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ።

መቅዲ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ናት። ተረከዙ ረጅም የሆነውን ጫማዋን አውልቃ ሲሚንቶው ላይ ቆመች። ሶፊያ ወንበር ብታቀርብላት እምቢ አለች። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ፀሐይቱ ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ የልጅቱን ትንፋሽ ስታዳምጥ ቆየች።

ከዚያ ቁልፉን አዞረችው።

«ይበቃል። ተከፍሏል።»

እጇን ይዛ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። «ሂርጳዬ» ብላ አለቀሰች። ከለበሰችው ጋቢ እኩሌታውን ስባ የልጅቱን የቀዘቀዘ እግር ሸፈነችላት።