ለወሊዩ ጀርባ አይሰጥም

ታራኑም ድምጿን ያጣችው በቅዱሱ ሰው፣ በወሊዩ ባባ ሚስኪን ሻህ መቃብር በር ላይ ነው። ከወሊዩ ዘንድ የሚወጣ ሰው ፊቱን ወደ መቃብሩ አድርጎ ወደ ኋላው ይራመዳል፤ ተረከዙ የበሩን ደፍ እስኪነካ ጀርባውን አይሰጥም። የታራኑም እናት ሻኪላ ይህን ከራሷ እናት ጡት ጋር የጠባችው ነው። ያን ሐሙስ ግን ሰው በዝቶ ነበርና፣ በር ላይ የወለቀው የልጇ አዲስ ጫማ እንዳይሰረቅ ሰግታ፣ ደፉ ጋ ሳይደርሱ ትከሻዋን ይዛ አዞረቻት።

"ሮጥ በይ፣ ጫማሽን ያዢ" አለቻት።

ጫማው አልተሰረቀም። ታራኑም ግን ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ ምንም የለባትም አለ። የልጅቷ አባት ሲያልፍ ያልፋል አለ። ሻኪላ እንቅልፍ አጣች። ክረምቱ መጥቶ ሄደ። ልጅቷ ሲርባት በእጇ ታሳያለች፤ ሳቋ እንኳ ድምፅ የለውም።

በመጨረሻ በሌላ ሐሙስ፣ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ ይዛት መቃብሩን ለመጎብኘት፣ ለዝያራ ተመለሰች። በሩ ላይ ጫማ የሚጠብቁት አሮጊት፣ እትዬ ዘይቱን፣ ከሩቅ አወቋት።

"መጣሽ? ዛሬ ጫማሽን በጉያሽ ሸጉጠሽ ግቢ፣ እኔን ሌባዋን ካላመንሽ።"

"እትዬ፣ አይቀልዱብኝ። ልጄ እኮ..."

"አውቃለሁ። አገሩ ሁሉ ያውቃል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ። የጠፋባት ነገር እዚሁ ነው ያለው። ስትወጡ ይጠራሻል። ምንም ብሎ ቢለምንሽ፣ ተረከዝሽ ደፉን ሳይነካ እንዳትዞሪ።"

"ብዞርስ?"

"ያኔ አንቺም ዝም ትያለሽ። ባልሽ ጆሮው ያርፋል" ብለው ሳቁና፣ ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት።

ውስጥ ማንም አልነበረም። ሻኪላ ይዛ የመጣችውን የጽጌረዳ አበባ ቅጠል መቃብሩን በሸፈነው አረንጓዴ ልብስ ላይ በተነች። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ ልጅ ናት" አለች፤ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም። ከዚያ የልጇን እጅ አጥብቃ ይዛ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች።

"እማ።"

ድምፁ ከኋላዋ፣ ከበሩ በኩል ነው። የታራኑም ድምፅ። ሻኪላ ወደ ጎኗ አየች። ታራኑም አፏን ገጥማ ዓይኖቿን መቃብሩ ላይ ተክላለች።

"እማ፣ ድንጋዩ እግሬን አቀዘቀዘኝ። ጫማዬን ስጪኝ።"

ሻኪላ ያን ድምፅ ስንት ወር በሕልሟ ስትፈልገው ነበር። ግን አልቆመችም።

"ለጫማው አዞርሽኝ" አለ ድምፁ፤ አሁን ጆሮዋ ሥር ደርሷል፤ ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይቀዘቅዛል። "ለእኔ ግን አትዞሪም?"

እንባዋ አረንጓዴውን ልብስ አደበዘዘባት። አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ሌላ።

"እማ፣ እባ..."

ተረከዟ ደፉን ነካ። ድምፁ ተቆረጠ።

"...ክሽ" አለች ታራኑም፣ ከአጠገቧ።

አሁን ታራኑም ቀኑን ሙሉ ስታወራ ትውላለች፤ አባቷ "ምነው ያኔ ይሻል ነበር" እያለ ይቀልዳል። ሻኪላ አብራው ትስቃለች። ልጇ ከኋላዋ ስትጠራት ግን ቶሎ አትዞርም። መጀመሪያ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ የልጅቷን እጅ ትፈልጋለች፤ ሙቀቱን ሳታገኝ ፊቷን አትመልስም።